ዓይንን በጆሮ ለሚመረምሩት ርዕሰ መምህር

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም ለዓይንዎ ብርሃን እመኛለሁ። የእርስዎ ዓይን ጤነኛ ስለመሆኑ እንኳ አልጠራጠርም፤ ቢሮዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የምስጋና ወረቀት ከወንበርዎ ሳይነሱ አንብበውልኛል። ወረቀቱ በትምህርት ቤታችን ዓይኑ የደከመ ተማሪ እንዳልተገኘ ይመሰክራል። እኔም የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እናት እንደ መሆኔ፣ ይህ ውጤት የተገኘበትን ጥበብ ሌሎች ወላጆችም እንዲያውቁት ብዬ በአደባባይ ጻፍኩልዎ።

፩. ምርመራውን በአንድ የዕረፍት ሰዓት ማጠናቀቅዎን አደንቃለሁ። ሌላ ቦታ ልጅ ለብቻው ይጠራል፣ አንድ ዓይኑ ይሸፈናል፣ ቀጥሎ ሌላኛው ይሸፈናል፤ ጊዜ ይባክናል። እርስዎ ግን ልጆቹን በሙሉ አዳራሽ ውስጥ አሰልፈው፣ አንዱኑ የፊደል ሰሌዳ በየተራ ጮክ ብለው እንዲያነቡ አደረጉ። ልጄ በቁመቷ ምክንያት የሰልፉ ጭራ ላይ ነበረች። ተራዋ እስኪደርስ ከፊቷ ከቆሙት ሰምታ ሰሌዳውን በቃሏ አጥንታዋለች። ይህንን ያወቅሁት ሰሃን እያጠበች ፊደላቱን ስታንጎራጉር ምን ዘፈን እንደሆነ ብጠይቃት፣ የዓይን ምርመራ ነው ብላኝ ነው።

፪. ከጥቁር ሰሌዳው ማንበብ ሲያቅታት ከጎኗ ካለችው ልጅ ደብተር ስለገለበጠች፣ ሰነፍ ተብላ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ማየት ያቃተውን ሰው ከሚያየው ነገር ማራቅ መድኃኒት መሆኑን ከእርስዎ በፊት የደረሰበት ያለ አይመስለኝም።

፫. ይህንኑ ቢሮዎ መጥቼ ብነግርዎ፣ ልጆች የጓደኛቸውን መነጽር እያዩ ያምራቸዋል፣ መነጽርም ዓይን ያሰንፋል፣ ይልቅ ካሮት ስጫት ብለው መከሩኝ። ካሮቱን ገዛሁ፤ በላች። ከዚያ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ ቀኝ ዓይኗን ሸፍኖ ትልቁን ፊደል እንድታነብለት ቢጠይቃት፣ ሰሌዳው የት እንዳለ መልሳ ጠየቀችው።

ሁለቱም ዓይኖቿ መነጽር ይሻሉ። የግራው ግን ሥራ ፈትቶ ስለኖረ አእምሮዋ ትቶታል፤ እንዲሠራ የሚገደደው የተሻለው ቀኙ በየቀኑ ለሰዓታት እየተሸፈነ ነው። ቀደም ብሎ ቢታይ ይቀል ነበር፣ አሁን ምን ያህል እንደሚመለስ ቃል አልገባም አለኝ። ሐኪም ስለሆነ ይጠራጠራል፤ እርግጠኛነት ለእርስዎ የተሰጠ ጸጋ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል ሰምተው፣ ቅጠሉን ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል።

ልመናዬ አጭር ነው። ልጆቹ ሁሉ አንድ በአንድ፣ ሌላው በማይሰማበት ክፍል፣ አንድ ዓይናቸው እየተሸፈነ እንደገና ይታዩ፤ በየዓመቱም ይታዩ። ወላጆችም እስከዚያው ዛሬ ማታ የልጃችሁን አንድ ዓይን በመዳፋችሁ ሸፍናችሁ፣ ማዶ ያለውን ነገር ጠይቁት። ርዕሰ መምህሩን ማስቸገር አያስፈልግም።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለወረቀትዎ ጠንካራ ምስማርን ከልብ እመኛለሁ።

ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣
የመጨረሻው ወንበር ተማሪ እናት

ማስታወሻ፦ ልጄ ጠዋት ጠዋት ከሰልፉ ሆና ስታይዎት ፈገግ የሚሉላት ይመስላት ነበር፤ ደግ ሰው ነው እያለች ትነግረኝም ነበር። ትናንት መነጽሯን አድርጋ ተሰልፋለች። ከእንግዲህ አይመስላትም።