በቁመትህ የተለካው ማጭድ

ይድረስ ለወንድሜ ለጋቭሪላ፦

እንደምን ሰነበትክ? በጣሊያን ሙቀት እንዳልቀለጥክ ተስፋ አለኝ። እኛ ከዝናቡ በቀር የሚያማርረን የለም።

ዘንድሮም እንግዶች መጥተዋል፤ ሣር ማጨድ ሊማሩ ከዴንማርክ እዚህ እኛ አገር፣ ማራሙሬሽ ድረስ! አጎታችን "ሜዳውን ለሆቴል ሽጪና እረፊ" ይለኛል። "ሆቴልማ አገራቸው ሞልቷል፤ የሚመጡት ለሜዳው ነው" አልኩት። አልሸጥም። ከስድስት እንግዳ በላይም አልቀበልም። አብረውን ይሠራሉ፣ የበላነውን ይበላሉ፣ ከእራት በኋላ ዘፈናቸውን ያስተምሩናል።

አባባ ከፖሙ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነው የሚያሠለጥናቸው። ቢርጊት የምትባለውን እንግዳ "አንቺ ልጅ፣ ሣሩን እጨጂው እንጂ አትግረፊው!" ሲላት በሳቅ ሞትን። ትናንት ደግሞ የላይኛውን ሜዳ እንዲያጭዱ ፈቀደላቸው። አዎ፣ አንተን እንኳ የማያስነካህን! "ዳገቱ ዘንድሮ ረዝሟል" ብሎ ቀለደ። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድም መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ እየቆመ አበባ ያሳየኛል። ከመቼ ወዲህ አበባ እንደወደደ እንጃ።

ቢርጊት ያንተን፣ ቆመህ የምታጭድበትን ባለረጅም እጀታ ማጭድ ከግድግዳው ላውርድ ስትል ግን ተቆጣ።

"እሱን ተዪው! እጀታው በልጄ ቁመት የተለካ ነው።"

ከዚያ ራሱ አወረደው። ስለቱን ሲስል ዋለና በሩ አጠገብ ሰቀለው።

ዳግም የሚበቅለው ሁለተኛው ሣር መስከረም ላይ ለአጨዳ ይደርሳል። ሥራው አያቅተንም፣ እንግዶች አሉን፤ ወሬውን ልንገርህ ብዬ ነው።

ባለህበት ፈጣሪ ይጠብቅህ። ማጭድህን ከበሩ አላነሳሁትም።

እህትህ ፓራስካ