ጋሽ ቋጠሮ፣ የሰባ ቤት ጉድጓድ ጠባቂ

አባታችን በ1944 ዓ.ም. ከጉድጓድ ቆፋሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በዚሁ ሰፈር ተወለዱ። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሰው ገመድ ፋብሪካ ገቡና ሠላሳ ሰባት ዓመት ሠሩ። በ1968 ዓ.ም. የፋብሪካው ነርስ የነበሩትን እናታችንን አግብተው አራት ልጆች አፍርተዋል።

በ1999 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ሰፈርተኛው የጋራ ጉድጓዱን እንዲጠብቁ መረጣቸው። ሰፈርተኛው ከሠራው ሁሉ ብልህ ሥራው ይኸው ነው፤ አልደገመውም። እሳቸውም በየክንዱ የተቋጠረ ገመድ ሠርተው በየማለዳው ጉድጓዱ ውስጥ ያወርዱ ነበር። ስምንት ቋጠሮ ከረጠበ ለየቤቱ ሦስት ጀሪካን፣ አምስት ከሆነ አንድ፣ ከዚያ ካነሰ ጉድጓዱ ያርፋል። የራሳቸውን ጀሪካን የሚሞሉት ሁልጊዜ መጨረሻ ነበር። ለዚህ ውለታቸው «ጋሽ ቋጠሮ» የሚል ስም ወጣላቸው፤ ያወጣችሁላቸው ዛሬ መሐረብ ይዛችሁ ፊት ተቀምጣችኋል።

በ2011 ዓ.ም. «ሦስት ጀሪካን አነሰን» ብላችሁ እጃችሁን አውጥታችሁ ሻራችኋቸው። በምትካቸው ኮሚቴ ተመረጠ፤ የውሃ መሳቢያ ሞተር ተተከለ። መኪና ታጠበበት፣ ግቢ ተረጨበት። ተው የተባለ ሁሉ «እኔ ብተወው ጎረቤቴ ይቀዳዋል» ይላል፤ ጎረቤቱም ስለ እሱ ያንኑ ይላል። ሰባ ቤት ሙሉ ትልልቅ ሰው እንዲህ ሲባባል በሁለት ዓመት ሞተሩ ጭቃ መሳብ ጀመረ። የኮሚቴው ሊቀመንበር በድርቅ አሳበቡ፤ በዚያ ክረምት ግን ያላፈሰሰ ጣራ አልነበረም። ከዚያ ኮሚቴው ተበተነ፤ የጉድጓዱን ቁልፍ የሚፈልግ ስለጠፋ አባታችን ዘንድ ተመለሰ።

አባታችን አልተሳደቡም፤ መሳደቡ ለልጃቸው ቀርቷል። ደረቁ ጉድጓድ ውስጥ አራት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ገመዳቸውን አወረዱ። እናንተም ስታልፉ «ጋሽ ቋጠሮ፣ ዛሬ አቧራው ስንት ሞላ?» እያላችሁ ሳቃችሁ።

በኩላሊት ሕመም አልጋ ሲይዙ፣ ይህን የጻፈችው የመጨረሻ ልጃቸው ገመዱን ተረከበች። ባለፈው ማክሰኞ ከታች ሁለት ቋጠሮ ረጥቦ ወጣ። አልጋቸው ድረስ ወሰደችላቸው፤ ርጥቡን በጣታቸው ዳስሰው አለቀሱ። ሐሙስ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ ሦስት ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ አራት ልጆችን፣ ዘጠኝ የልጅ ልጆችንና ሁለት ቋጠሮ ውሃ ትተዋል። ቁልፉ ልጃቸው ዘንድ ነው። አምስት ቋጠሮ እስኪሞላ አንድ ጣሳ አይቀዳም፤ ከዚያ በኋላ በተራ ነው፣ የእኛ ቤት መጨረሻ።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጥም በማይደርስበት ያሳርፍልን፤ ለቀራችሁት ደግሞ ተራ መጠበቅን ያስተምራችሁ።