በይትባረክ ጽሑፍ ግርጌ

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፩

ዛሬ የማኅበራችንን ድረ ገጽ ወደ አዲሱ ሲስተም አዛወርኩ። አሮጌውን የሠራው ይትባረክ ነበር፤ እሱ ካረፈ ወዲህ የሚነካው ሰው ጠፋ። አዲሱ ይሻላል፣ ማንም በቀላሉ ጽሑፍ ያወጣበታል ብዬ ስብሰባ ላይ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። አሁንም ይሻላል እላለሁ።

ከሰዓት በኋላ አባቱ ፒያሳ ወዳለው ቢሯችን መጡ። የኔታ የብራና መጻሕፍት ጸሐፊ ናቸው። የልጄን ሥራ አሳይኝ ሲሉኝ ስለ መካነ ብርሃን ትምህርት ቤት የጻፈውን በስልኬ ከፈትኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ሸጋ ነው። ምነው፣ ስሙ የታለ? እኛ እኮ መጨረሻ ላይ ስማችንን የምንጽፈው፣ ያነበበ ሁሉ ነፍሱን ይማር እንዲልልን ነው።»

ግርጌው ላይ ያለው የኔ ስም ነው። ሲስተሙ ጽሑፉን ያዛወረውን ሰው ጸሐፊ አድርጎ ይይዛል። አላሰብኩበትም።

«አስተካክለዋለሁ፣ የኔታ» አልኳቸው። አልተቆጡም፤ መርቀውኝ ሄዱ።

ወዲያው ይትባረክን በጸሐፊነት ልመዘግበው ገባሁ። ስሙን ሞላሁ፣ ኢሜይሉንም ሞላሁ።

«የማረጋገጫ መልእክት ልከንለታል። እስኪከፍተው ድረስ ይጠብቁ» አለኝ ሲስተሙ።