«አስታማሚ ይውጣ» ለሚሉት ሐኪም

ለክቡር ዶክተር ምናሴ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፤
ባሕር ዳር፣ ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው? አንጀትዎ፣ ቆዳዎ፣ እንቅልፍዎ ሁሉ ደኅና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ አልጋ ቁጥር ሰባት ላይ የተኛችው ታማሚ ባል ነኝ። አያስታውሱኝም፤ እርስዎ ሲገቡ እኔ እወጣለሁ። የባለቤቴን ስም እዚህ አልጽፍም፤ ለእኔ ብቻ የቀረኝ እሱ ነው።

ከመራዊ በአምቡላንስ ስትመጣ ተጠምዝዞ የነበረውን አንጀቷን ስላዳኑልኝ አመሰግናለሁ። ስፌቱ መልሶ መላቀቁ የማንም ጥፋት እንዳልሆነም አስረድተውኛል፤ ማለትም ለእርሷ አስረድተዋት፣ እርሷ ነግራኛለች።

ቅሬታዬ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፦ ከእምብርቷ አጠገብ የሚፈስሰው ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ሰማያዊ ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ ያጠጧት ዕለት፣ እንደ ልማዱ «አስታማሚ ይውጣ» ተብዬ ኮሪደር ላይ ነበርሁ። ከመስኮቱ ጣና ይታያል፤ በእርስዎ ቸርነት ሐይቁን በደንብ አውቄዋለሁ። ሰማያዊው በቁስሉ በኩል ብቅ ሲል እርስዎ አዩ፣ ተማሪዎችዎ አዩ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ አየች። አንጀቷ ወደ ቆዳዋ ቀዳዳ አበጅቷል፤ ፊስቱላ ነው፣ ግን ከወሊድ የሚመጣው ዓይነት አይደለም ተባለ። እኔ ቁስሏን እስከ ዛሬ አላየሁትም። ፈሳሹን እንዲቀበል ሆዷ ላይ የተለጠፈው ከረጢት ሲቀየር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ «አንተ ውጣ» ትለኛለች። ቃሉን ከማን እንደተማረችው አልጠይቅም።

ሁለተኛ፦ ኢንፌክሽኑን እናጥፋ፣ ቆዳዋን በቅባት እንጠብቅ፣ በደንብ ትብላ፤ በራሱ ሊዘጋ ይችላል፣ ካልዘጋ ከወራት በኋላ ዳግም እንከፍታለን ብለዋል። መልካም። የማብላቱ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። ሁዳዴ ነበር፤ «ጾም ነው» አለችኝ። የነፍስ አባታችን አባ ፍሬ ስብሐት አልጋዋ ድረስ መጥተው ፈቀዱላት፤ እምቢ አለች። እርስዎ ግን ሕሙማንን በሚጎበኙበት ዙር ላይ «ብዪ እንጂ እህቴ፣ ለእኔ ስትዪ» ሲሏት፣ በበሩ መስታወት አየሁ፣ ሳቀች። ካመጣሁላት እንቁላልም ቀመሰች።

ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። የእኔ ነበር።

ሦስተኛ፦ ይህን ስጽፍ ብዙ ወረቀት ቀድጃለሁ። ባለፈው ሳምንት ዙሩ አልቆ ተማሪዎችዎ ሲወጡ፣ የተቀቀለ እንቁላል ይዤ በሩ ሥር ቆሜ ነበር። አንዷ፣ «ሰባት ቁጥሯ እኮ ጾም አይደለም የያዛት። ብዙ ከበላሁ ብዙ ይወጣል፣ ባሌ ይሸተዋል ብላ ነው። ለዶክተር ነገረቻቸው» አለች። «ውይ፣ ስታሳዝን!» አለች ጓደኛዋ። ወደ እኔም ዞራ፣ «ይቅርታ አባቴ፣ ያሳልፉን» አለችኝ።

አሳለፍኋቸው።

ባለቤቴ በእኔ ምክንያት ትራባለች። ካልበላች ቁስሉ አይዘጋም። ይህን ለእርስዎ ነገረች፤ እርስዎ ለተማሪዎች፣ ተማሪዎቹ ለኮሪደሩ። ኮሪደሩ ላይ ስላቆሙኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ስለ ሽታው ቢጠይቁኝ ኖሮ እነግርዎ ነበር፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሸተኛል። የትም አልሄድሁም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከረጢቱ እንዴት እንደሚቀየር ያሳዩኝ። እርሷ እያየች።

በደጅዎ መቆምን እንደ ሹመት የተቀበለ፣ ለተዘጋው በርዎ ዘወትር ታዛዥ፣
የአልጋ ቁጥር ሰባት አስታማሚ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ለጋዜጣም ልልከው ያሰብሁት ይህ ደብዳቤ ሳይላክ አደረ። ዛሬ ጠዋት መልስዎን ሳልጠብቅ ጓንት አጥልቄ ከረጢቱን ቀየርሁት። «ተው አንተ ሰው፣ ተው!» አለች፤ አልተውሁም። አጣምሜ ለጠፍሁትና ሸሚዜ ላይ ፈሰሰ። ሸሚዜን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ሆዷን ይዛ እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ እንቁላሉ የት እንዳለ ጠየቀችኝ። የለጠፍሁትን ሲያዩ እንደሚያስተካክሉት አልጠራጠርም። ብቻ ክቡርነትዎ፣ ዛሬ ለዙር አይቸኩሉ።