ከኋላ የመጣችው «አለሁ»

ለእትዬ አሳየች፤

እንዴት ከረምሽ እትዬ? ጉልበትሽስ? የጋምቤላ ሙቀት ዘንድሮ ትንሽ ራራልሽ? ጋሽ ቢራቱ ስኳራቸውን ይለካሉ ወይስ አሁንም ተሽሎኛል እያሉ ማር ይልሳሉ? ልጆቹስ? እኛ እዚህ መሪ ኮንዶሚኒየም ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፣ የሒሩት ወገብ ተሽሎታል፣ የኔ ደም ግፊት ከፍ ዝቅ ይላል። ይሄን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሦስቴ ደውዬ ሦስቴም ስለ በርበሬ አውርተን ዘጋሁት። በወረቀት ይሻላል አልኩ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ፌበን ልጄ መሥሪያ ቤቷን መልቀቋን ሰምተሻል። አሁን ሲ.ኤም.ሲ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ጌም ይሠራሉ። የልጆች መጫወቻ እንዳይመስልሽ። ብዙ ሰው ከየቤቱ በኢንተርኔት ገብቶ፣ ሌላ ሰው ሆኖ፣ አንድ ዓለም ውስጥ አብሮ የሚኖርበት ነው። ዘመኑ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ነው። አዲስ አበባን ጉም ውጧታል፤ የተረፈው ሰው እንጦጦ ላይ ሰፍሯል። ባትሪ በጀርባው አዝሎ በቡድን ጉሙ ውስጥ ይወርዳል። ከፊት ያለው ይጣራል፣ ከኋላ ያሉት በየተራ «አለሁ» ይላሉ። ያልመለሰውን ጉሙ ይወስደዋል።

ከየት አመጣችው እንዳትዪኝ፣ እኔው ነኝ የነገርኳት። በልጅነታችን ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመን ስንወርድ እንዴት እንደምንጠራራ፣ አንድ ሰው ካልመለሰ ሁሉም ሸክሙን አውርዶ እንደሚጠብቅ ነገርኳት። የእህታችንን የሙሉነሽን ነገር ብቻ አልነገርኳትም።

ድምፁንም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ልብስ የድምፅ ማስተጋባትን ያፍናል ብላ ከነማይኩ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባችኝ። ደብተሬ ላይ በተራ ቁጥር ጽፌ አራት ዓይነት «አለሁ» አልኩ፤ የሽማግሌ፣ የጎረምሳ፣ የደከመ፣ የፈራ። አራት ነው፣ ደብተሩ አለ።

ያለፈው ቅዳሜ ቀን ላይ ሞከሩት። አንድ ሰው ከፊት፣ አራት ከኋላ ሆነው ወረዱ። እኔ ስህተት ልመዘግብ ከፌበን ጀርባ ተቀመጥኩ። አንደኛ፣ የባህር ዛፉ ጥላ የወደቀው ወደ ፀሐይዋ ነው። ሁለተኛ፣ የአንዱ ሰውዬ እግር መሬት አይነካም። ሦስተኛውን ልጽፍ ስል ፊተኛው ተጣራ። አራቱም መለሱ። ትንሽ ቆየና ከሁሉም ኋላ አንዲት ቀጭን «አለሁ» መጣች።

ዮፍታሔ የሚሉት ቀልደኛ ጓደኛዋ «ጋሼ፣ ደባል አስገብተውብን ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ፈልገው አገኟት። እኔ ከቀዳሁት መጨረሻ ላይ፣ ከረጅም ዝምታ በኋላ ነው ያለችው፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ቆርጦ ከአራቱ ጋር ደርድሯታል። ፌበን «አባዬ፣ ይቺ ልጅ ማናት?» አለችኝ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ራስህ ነህ ይሉኛል፣ እኔ ማለቴን አላስታውስም። ሰረዟት። ሰኞ ተመልሳ መጣች። ዮፍታሔ አሮጌው ቅጂ ሳይጠፋ ቀርቶ ነው አለ። እሱ ለሁሉም ምክንያት አያጣም።

እትዬ፣ ድምፁን ግን አወቅኩት። አንቺም ታውቂዋለሽ።

ያን ቀን ከፊት ሆነሽ የምትጣሪው አንቺ ነበርሽ። ሙሉነሽ ከኔ ኋላ፣ መጨረሻ ነበረች። የሸክሟ ገመድ ተፈታባትና «ካልመለስኩ ሁሉም ሸክሙን ያወርዳል፣ አሳየች ትገርፈኛለች፤ እስካስረው አንተ መልስልኝ» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ድምፄን እንደሷ አቅጥኜ «አለሁ» አልኩልሽ። ደግመሽ ተጣራሽ፣ ደገምኩ። ዞር ስል ጉም ብቻ ነው። ፈራሁ። ሦስተኛ ስትጣሪም መለስኩ።

ሙሉነሽ ጉሙ ውስጥ ከቀረች ወዲህ አርባ አንድ ዓመት «መልሳልኛለች፣ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ» ስትዪ ኖርሽ። ሰይጣን ነው የመለሰላት ብለው ጠበል ለጠበል አንከራተቱሽ። እማዬ ሙሉነሽ ትመጣለች እያለች በሯን ሳትቀረቅር ሞተች። የሰማሽውን በትክክል ነው የሰማሽው። ሰይጣን አልነበረም፣ እኔ ነበርኩ።

ጌሙ ኅዳር አንድ ለሁሉም ይከፈታል። ፌበን ድምፁን ወዳዋለች፤ ማን እንደመለሰ ሳይታወቅ ይቅር፣ የጌሙ ምስጢር ይሁን ትላለች። ይጥፋ ካልኩ ለምን ትለኛለች። ይኑር ካልኩ ያ ውሸቴ መቼም አያባራም። አንቺ ወስኚ፣ በዚያ ድምፅ የተሰቃየሽው አንቺ ነሽ። ይቅርታ የምጠይቅሽን ነገሮች ደብተሬ ላይ ልዘረዝር ተቀምጬ ነበር። «አንደኛ» ብዬ ቀረሁ።

ትናንት ጠዋት እንጦጦ ወጣሁ። ሸክም የምናሳርፍባት ጠፍጣፋ ድንጋይ አሁንም አለች። ጉም ነበር። እንዳንቺ ከፊት ቆሜ «ሙሉነሽ!» ብዬ ተጣራሁ። ጉሮሮዬ ሊመልስ ሲል አፌን በሁለት እጄ ያዝኩት። ሌላ የመለሰ የለም። ያን ጊዜ ማድረግ የነበረብንን አደረግኩ፤ ቁጭ ብዬ ጉሙ እስኪገፈፍ ጠበቅኳት።

ጋሽ ቢራቱን ጉልበት ስሜያለሁ በይልኝ። ሲሞንን ሚስት አግባ በይው። ናዝራዊትን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ጎረቤትሽን ሀናንንም ሰላም በይልኝ። ሒሩት ትስምሻለች። ፌበንም እንዲሁ፣ እስካሁን ምንም አታውቅም። እትዬ፣ ተናደሽም ቢሆን ደውለሽ ጥሪኝ፤ በራሴ ድምፅ እመልስልሻለሁ።

ወንድምሽ ቀጸላ
መሪ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.