በቀጠሮ ላስለቀሱኝ ሊቀመንበር

ለተከበሩ አቶ ክፍሌ፣
የመንታ ከተሞች መረዳጃ እድር ሊቀመንበር፣ የአዳራሹ ቁልፍ ያዥ፣ ካለፈው መስከረም ወዲህ ደግሞ የስቶክሆልም ጉዳዮች ዐዋቂ፤
ሲዋርድ፣ ሚኒያፖሊስ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤንነት፣ ለባለቤትዎ ለወይዘሮ ገነት ጤንነት፣ እንዲሁም በዚህ ብርድ ማለዳ ማለዳ አልነሣም ለሚለው የመኪናዎ ባትሪ ጤንነት እንደምጸልይ በአክብሮት እገልጻለሁ። እኔም፣ እስካሁን ባይጠይቁኝም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ የፊታችን ቅዳሜ የእናቴ አርባ ስለሆነ ነው። ለዚያች ቀን የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤቴ እንደ ድሮው ክፍት ይሁንልኝ፤ ሰው ያለ ቁጥርና ያለ ቀጠሮ ገብቶ አብሮኝ ይቀመጥ። የራሴን በር ለመክፈት ደብዳቤ መጻፍ የሚያስፈልግበት ደረጃ ላይ ስላደረሱን አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ደብዳቤው የሚደርሳቸው ሌሎች አንባቢዎች እንዳይቸገሩ ከመነሻው ልጀምር። ክቡርነትዎ ባለፈው ነሐሴ ለወንድምዎ ልጅ ሠርግ ወደ ስቶክሆልም ሄደው ዐሥራ አንድ ቀን ቆዩ። የሄዱት ሌላ ሰው ሆነው፣ የተመለሱት ሌላ ሰው ሆነው ነው። በመስከረም ስብሰባችን አዳራሹን አጨልመው መቶ አርባ ስላይድ አሳዩን፤ ግድግዳው ዓለት የሆነና ዓለቱ ላይ ሥዕል የተሳለበት የምድር ባቡር ጣቢያ አየን፤ ሰው ሁሉ ቁጥር ይዞ ዝም ብሎ የሚጠብቅበት ፋርማሲ አየን፤ ያንኑ ፋርማሲ ከውጭ፣ ከዚያም ከመንገዱ ማዶ አየን። አቶ ኤዶሳ ከሠላሳኛው ስላይድ ጀምሮ ያንኮራፉት ሥልጣኔ ጠልተው ሳይሆን ሌሊት ሥራ አድረው በመምጣታቸው ስለሆነ ይቅርታ እንዲያደርጉላቸው በዚህ አጋጣሚ እጠይቃለሁ። በመጨረሻም መብራቱ ሳይበራ «አዲሱን የሥርዓት ደንብ የሚቃወም እጁን ያውጣ» አሉ፤ በጨለማው ውስጥ አንድም እጅ ስላልታየዎ ደንቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እንዲህ ያለ የተጣራ ምርጫ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

ምስጋናዎቼን፣ ማለትም አቤቱታዎቼን፣ በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ዐውቃለሁና።

፩ኛ። ስለ መርዶ። በእኛ ወግ ሰው ሲሞትበት ባለቤቱ መጨረሻ ነው የሚሰማው። ጎረቤትና ዘመድ አስቀድሞ ይሰማና ሳይናገር ይከርማል፤ ከዚያ አንድ ማለዳ ተሰብስበው መጥተው፣ ግራና ቀኝ ይዘው ያረዱታል። ደንብዎ አንቀጽ አራት ግን ይህን ኋላ ቀር አሠራር አሻሽሎታል። ማክሰኞ ዕለት በፖስታ እንዲህ የሚል ወረቀት ደረሰኝ፦ «ለወይዘሮ ደሃብ። እርስዎን የሚመለከት የኀዘን ጉዳይ ስላለ ቅዳሜ ረፋድ ልክ አራት ሰዓት ላይ በቤትዎ እንዲጠብቁን። ሰዓቱ የማይመችዎ ከሆነ አስቀድመው ያሳውቁ።» ደውዬ የሞተው ማን ነው ብልዎ፣ በሚያስደንቅ ትሕትና መረጃው የሚሰጠው በቀጠሮው ሰዓት ብቻ መሆኑን ገለጹልኝ፤ ስለ ትዕግሥቴም አመስግነው ስልኩን ዘጉት።

ክቡርነትዎ፣ እኔ እኮ አራት ቀን ሙሉ ለማን እንደማለቅስ ሳላውቅ አለቀስኩ። ማክሰኞን ለአጎቴ አዋልኩት። ረቡዕ ጠዋት ወደ አስመራ ደወልኩ፤ ወንድሜ ሓድሽ ራሱ ስላነሣው እሱ አለመሞቱን ዐወቅሁ። ሁላችንም ደህና ነን አለኝ፤ እናቴን አቅርብልኝ ስለው ተኝታለች አለኝ። በአስመራ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ነበር። እናቴ በዘጠና ሁለት ዓመቷ ቀን ተኝታ አታውቅም፤ እኔ ግን ማወቅ ስላልፈለግሁ አመንኩት። ሐሙስን ከረን ላለችው አክስቴ አለቀስኩላት፤ ዐርብ ደግሞ ያ አጎቴ ደህና መሆኑን ሰምቼ በከንቱ ስላስለቀሰኝ ተቀየምኩት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኔ ግን ቅዳሜ ሲደርስ የእናቴን ድርሻ ለዘመድ አዝማድ አዳርሼ ጨርሼው ነበር።

ቅዳሜም ቀጠሮው ተከበረ። እርስዎና ሁለቱ የኮሚቴ አባላት ሃያ ደቂቃ ቀድማችሁ ስለደረሳችሁ፣ በስቶክሆልም ሥርዓት ከሰዓቱ በፊት በር አይንኳኳም ብላችሁ በመኪና ሰፈሩን ትዞሩ ጀመር። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሽማግሌ፣ አያቶቻቸው ከስዊድን የመጡት፣ አንድ መኪና ሰባት ጊዜ ሲያልፍ አይተው መንገድ የጠፋችሁ መስሏቸው ቡና በፔርሙዝ ይዘው ወጡላችሁ። ክቡርነትዎ ይህን ሁሉ ውቅያኖስ ተሻግረው ያመጡልን ሥርዓት ባለቤቶቹ ከመቶ ዓመት በፊት እዚሁ ሚኒሶታ መጥተው እንደሰፈሩ፣ ከመካከላቸውም እስካሁን አንድም ሰው ቁጥር ሰጥቶኝ እንደማያውቅ በትሕትና አስታውሳለሁ።

፪ኛ። ስለ ማሽኑ። ዌስት ሴንት ፖል፣ ሮበርት ጎዳና ላይ ከተዘጋ ዳቦ ቤት ያመጡትን ቁጥር የሚተፋ ቀይ ማሽን በራሴ በር ላይ በራስዎ ብሎን ስላሰሩልኝ ውለታዎ አይረሳኝም። ለቅሶኛ ሁሉ አንድ አንድ ወረቀት እየቀደደ ገባ። ዳቦ ቤቱ ያሳተመው ጽሑፍ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ስለነበር፣ ሊያጽናናኝ የመጣ ሰው ሁሉ በእንግሊዝኛ «እናመሰግናለን፤ ተመልሰው ይምጡ» የሚል ይዞ ፊቴ ተቀመጠ። ለእያንዳንዱ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ተፈቀደለት፤ ሲያልቅ የወጥ ቤት ሰዓት ጮኸ። አቶ መርጋ የእናቴን ደግነት ሲያነሡ ገና «አንድ ቀን» ከማለታቸው ሰዓቱ ስለጮኸባቸው፣ ያን ቀን ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ሲምቦን ያውቋታል። ዐሥራ አንድ ዓመት አንድ ሆስፒታል ውስጥ አንድ ፎቅ አብረን ያጸዳን ጓደኛዬ ናት። በዚያ ምራቅ በሚያረጋ ብርድ ከሆፕኪንስ ሁለት አውቶቡስ ቀያይራ መጣች፤ ቁጥሯ ሠላሳ አንድ ሆነ፤ እርስዎም ገና ዐሥራ ሁለትን ይጠሩ ነበር። ሲምቦ ደግሞ ስታለቅስ የምታስለቅስ ሴት ናትና ኮሪደሩ ላይ ጀመረች፤ ክቡርነትዎም ቀረብ ብለው ኮሪደሩ ለመጠበቂያ እንጂ ለማልቀሻ አለመሆኑን አስረዷት። አምስት ሰዓት ያህል ቆማ ጠብቃ ተራዋ ሲደርስ ገብታ አንገቴን አቀፈችና፣ «ደሃብ ኮ፣ የኔ ደሃብ፣ ይሄ የመጨረሻው ባስ ነው፣ ከቆየሁ ሚስ አደርገዋለሁ፤ የቀረውን በስልክ አለቅስልሻለሁ» ብላኝ ሄደች። ቃሏን ጠብቃ በማግስቱ ደውላ አልቅሳልኛለች፤ ስልክ ግን አንገት የለውም።

፫ኛ። ስለ ጫማ። ሠላሳ ጥንድ ጥቁር የበረዶ ቦቲ በር ላይ እንዲወልቅ አዘዙ። አቶ መርጋ የአቶ ኤዶሳን ግራ እግር አድርገው ሄደዋል። ሁለቱ እስከ ዛሬ አልተገናኙም፤ ቀጠሮ ይያዝላቸው።

፬ኛ። ስለ ልጆች። በስቶክሆልም እንግዳ ልጅ ቤተሰቡ ራት እስኪበላ በሌላ ክፍል ሲጠብቅ አንድ ቤት አይተው፣ ይህንኑ ለቅሶ ቤት አመጡት። ስድስት ልጆች መኝታ ቤቴ ውስጥ ካፖርት ክምር ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። የልጅ ልጄ ሓድነት፣ እዚሁ የተወለደችው፣ ሳህን ይዛ ሄዳ አይታቸው መጣችና «ግራንድማ፣ ኣር ዘይ ግራውንድድ?» ብላ ጠየቀችኝ። ተቀጥተው ነው ወይ ማለቷ ነው፤ ምን አጥፍተው እንደሆነ እኔም አላወቅሁም፤ በእኔ ቤት ልጅ እየራበው ሲጠብቅ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው፤ እናቴም ብታይ ኖሮ ሁለተኛ ትሞት ነበር።

ከስላይዶቹ ሁሉ ልቤን የነካው ግን የመርከቡ ነው። ንጉሡ ያሠሩት ያ ትልቅ መርከብ መድፍ በዝቶበት፣ ገና ከወደቡ ሳይርቅ ሕዝቡ እያየው ሰጠመ፤ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላም አውጥተው፣ አድርቀው፣ ቤት ሠርተውለት በትኬት ያሳያሉ ብለው አስተማሩን። አንድ ሕዝብ ስሕተቱን እንዲህ ደምቆ በመብራት ሲያሳይ እጅግ አከበርኩት። ደንብዎም አርፎ የሚቀመጥበት ቤት ቢሠራለት የመጀመሪያውን ትኬት እኔ እቆርጣለሁ።

አሁን ደግሞ ስላልጠየቁኝ ያልነገርኩዎትን ልንገርዎ። እኔ ስቶክሆልም ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። ሚኒሶታ ልጄ ዘንድ ከመምጣቴ በፊት ማለት ነው። እርስዎ በስላይድ ያሳዩን ፋርማሲ ውስጥ እኔ ቁጥር ይዤ በእግሬ ቆሜአለሁ፤ ደግሞም ወድጄው ነበር። እዚያ ቁጥር የሚሰጠው ጉልበተኛው ደካማውን ገፍቶ እንዳያልፍ ነው። ለቅሶ ቤት ግን የሚፈለገው ገፍቶ የሚገባ ሰው ነው።

ከምኖርበት ሕንጻ ሥር ነዋሪው ሁሉ በተራ የሚጠቀምበት የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር። ማንም ተራውን በሰሌዳው ላይ ይይዛል፤ አምስት ደቂቃ ያሳለፈ ወዮለት። ከታቼ የምትኖረው ብሪታ የምትባል ሴት ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ደህና አደርሽ ሳትለኝ፣ ማሽኑን በደንብ አልጠረግሽም የሚል ወረቀት ብቻ እየለጠፈች ኖረች። ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ከከተማው ዳር እስከ ዳር ያለ ሐበሻ ቤቴ መጣ፤ ለቅሶውም ደረጃውን ሞላው። ብሪታ ወጥታ ስታንኳኳ ልትቆጣ የመጣች መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ነጠላውን፣ አንሶላውን፣ አብሮኝ ያደረውን ሰው ሁሉ ልብስ ከወለሉ ሰብስባ ይዛ ወረደች። የእሷ የማጠቢያ ተራ ነበር፤ ከአንድ ወር በፊት የያዘችው። አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ አመጣችና ወጥ ቤቴ ውስጥ እስኪመሽ ድረስ አንድ ቃል ሳትናገር ተቀመጠች። ማንም ተራሽ አለቀ አላላትም። ክቡርነትዎ ከዚያ ከተማ ሰሌዳውን ይዘው መጡ፤ ብሪታን ግን እዚያው ረስተዋት መጡ።

እናቴን አልቀበርኳትም። አፈር አላለበስኳትም፣ ፊቷን አላየሁም፤ ከዚህ ርቀት የቀረኝ ነገር ቢኖር ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ ማልቀስ ብቻ ነበር። በዚያች ቅዳሜ ቤቴ ሠላሳ አንድ ሰው መጣ፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ዋልኩ። ይህን በምፀት መጻፍ አልሆነልኝምና እንዳለ ይቀበሉኝ።

እንግዲህ ከላይ የዘረዘርኳቸውን በጎ ሥራዎችዎን ሁሉ ታላቅ በሆነው ልቡናዎ አመዛዝነው፣ ለፊታችን ቅዳሜ ብቻ እንኳ የቤቴን በር ለሰው እንዲመልሱልኝ እየለመንኩ፣ ሰዓትዎ እንዳይዛነፍ፣ ባትሪዎ እንዳይደክም፣ በሄዱበትም ሁሉ አነስተኛ ቁጥር እንዲደርስዎ በመመኘት እሰናበታለሁ።

ትሑት አባልዎ፣ ለቅሶኛ ተቀባይና ጡረተኛ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ፣
ደሃብ ተኽለሚካኤል
ሲዋርድ፣ የካቲት 1996

ማስታወሻ፦ ልመናውን የጻፍኩት ለአክብሮት ነው። ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ ከመድረሱ በፊት ከእሑድ ጀምሮ በአባላቱ ሁሉ እጅ ዞሯል፤ ትናንት ማታም ሆፕኪንስ ተሰብስበን አንድ ነገር ወስነናል። ለእርስዎ ማንም ያልነገረዎ ባለቤቱ መጨረሻ መስማቱ ወጋችን ስለሆነ ነው። ወረቀቱን ያመጣችልዎ ሲምቦ አንብበው እስኪጨርሱ አጠገብዎ እንድትቀመጥ ተነግሯታል፤ ወይዘሮ ገነት በሩን ይከፍቱልናል፤ ሌሎቻችን ደረጃው ላይ ነን። አይደንግጡ፣ የሞተ ሰው የለም፤ የሞተው ሊቀመንበርነትዎ ነው። ከፈለጉ ያልቅሱ፤ የምንቸኩልበት የለንም።