ዋይፋዩ ኋለኛው ክፍል ድረስ መጣ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ፣ ያ ደረጃ ስትወጪ የሚቆረጥምሽ፣ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም እያነከስሽ «ምንም አልሆንኩም» ትያለሽ? መነጽርሽንስ ራስሽ ላይ ሰክተሽ ቤቱን ሁሉ መፈለጉን ተውሽ? ስለ ጆሮሽ ዝቅ ብዬ እጠይቅሻለሁ፤ በእሱ ላይ የምለው ብዙ ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ። ይህን የምጽፍልሽ ብቻዬን ፈገግ ፈገግ እያልኩ ነው፤ በመስኮት ያየኝ ሰው ለየላት ቢል አልፈርድበትም።

እትዬ፣ በመጀመሪያ የሆዴን ልንገርሽ። ባለፈው በቪዲዮ ስንተያይ፣ ሐኪሙ ጆሮሽ ከእንግዲህ እንደማይመለስ መናገሩን ስትነግሪኝ እኔ ጥርሴን ገልጬ እስቅ ነበር አሉ። ልጅሽ በሦስተኛው ቀን ጽፋ ነው የነገረችኝ። ስልኩን ገልብጠሽ አስቀምጠሽ «ሳቀችብኝ» ብለሽ መነሣትሽን፣ ከዚያ ወዲህም ነይ ለቪዲዮው ቁጭ በይ ብትልሽ እምቢ ማለትሽን። መቀሴን አስቀምጬ ደግሜ አነበብሁት። እትዬ፣ እኔ የሳቅሁት ቀደም ብለሽ ጎረቤትሽ ሲያስነጥስ የተተከለ ጥርሱ ሾርባው ውስጥ መውደቁን ስለነገርሽኝ ነው። ልክ እዚያ ላይ ምስሉ ደርቆ ቀረ። አንቺ ዘንድ ጥርሴን እንደገለጥሁ ተቸነከርሁ፤ እኔ ዘንድ ደግሞ ስክሪኑ ጠቆረ። ያን ክፉ ወሬ ስትነግሪኝ እኔ ስልኩን ከፍ አድርጌ ይዤ ከመስኮት ወደ በር ስንከራተት ነበር። አንዲት ቃል አልደረሰችኝም። ለሌላው ሰው ምስል ቢደርቅ ድምፅ ይተርፈዋል፤ አንቺ ግን የምትሰሚው በዓይንሽ፣ ከከንፈር ላይ ነው። ከንፈሬ ሲቆም እኔም አብሬ ጠፋሁ።

ያን ቀን ቆረጥሁ። ይህ ቤት ከደጁ እስከ ጓዳው ኢንተርኔት ሳይዳረስበት አንድ ቀሚስ አልቆርጥም አልሁ።

የምንኖርበት ቤት ድሮ የእንግዳ ማረፊያ ነበር። አሥራ አንድ ክፍል፣ አንድ እንደ ባቡር የረዘመ ኮሪደር፣ ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው የድንጋይ ግድግዳ። ባለቤቷን ሁላችንም እማማ ነው የምንላት፤ የምትኖረው ፊት ለፊት ሳሎኑ አጠገብ ነው። የእኔ ክፍል መጨረሻው ነው፤ ከኩሽናውና ከውኃ ታንከሩ ጀርባ። ከእኔ ቀጥላ ያለችው ነርሷ ነች፤ እሷም መልእክቷን የምትልከው ኮሪደር ድረስ እየወጣች ነው። ሹፌሩ ደግሞ መሐል ላይ ነው። እሱን «ችግር የለም» ብለን ነው የምንጠራው፤ ቤቱ ቢቃጠልም የሚለው እሱኑ ስለሆነ።

ነገሩን ስነግረው «ችግር የለም» አለና ሞገድ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ትንሽ ዕቃ አምጥቶ እኔ ክፍል ሶኬት ላይ ሰካው። መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ሥራው ግን ምንም። ኋላ ነው የገባኝ፤ ምንም በማይደርስበት ክፍል ተቀምጦ ምኑን ተቀብሎ ያስተላልፍ? ክር ሳያስገቡ በመርፌ እንደመስፋት ነው።

ከሥሩ ልጀምር ብዬ እማማ ዘንድ ሄድሁና ራውተሩን አሳዪኝ አልኋት። እትዬ፣ ከአንገቷ ቁልፍ አወጣች! የብረቱን ቁም ሳጥን ከፈተች፤ ያ ምስኪን ራውተር ከአንሶላዎቹ መሐል፣ ራሷ በሠራችው ዳንቴል ተጠቅልሎ እንደ አራስ ሕፃን ተኝቷል። «አቧራ እንዳይገባበት ነው» አለችኝ። ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል ደግሞ ከሶኬቱ ትነቅለዋለች፤ «እሱም ይረፍ እንጂ፣ ብረት መሰለሽ?» ትለኛለች። አቧራው እንዳይገባ ብላ ኢንተርኔቱም እንዳይወጣ ቆልፋበት ኖራለች።

ይውጣ ብላት «እሱ ከቁም ሳጥኑ ከወጣ እኔም ከዚህ ቤት እወጣለሁ» አለች። እኔም መቼ እለቃለሁ፣ ታውቂኝ የለ! እግሯ ሥር ወንበር ስቤ ተቀመጥሁና ስለ አንቺ ነገርኋት። ስለ ጆሮሽ፣ ስለ ሳቁም ጭምር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «እኔም በግራው ከሰማሁ ቆየሁ፣ ለማንም አልነገርሁም» ብላ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

ከዚያ በኋላ በማውቀው ሙያ ገባሁበት። ሜትሬን ይዤ ቤቱን እንደ ሰው ለካሁት፤ ደረቱን፣ ወገቡን፣ እጅጌውን። በካኪ ወረቀት ላይ አንዱን ሜትር በሁለት ጣት እያሳነስሁ የቤቱን ልክ ቆረጥሁ። ስልኬን ይዤ ክፍል ለክፍል እየዞርሁ አንዱን ቪዲዮ ከፈትሁ፤ ሳይቆራረጥ በሚሄድበት ቀይ ስፒል፣ በሚደርቅበት ነጭ ስፒል ወረቀቱ ላይ ሰካሁ። ኋለኛው ወገን በሙሉ ነጭ ሆነ። ቀጥሎ ወረቀቱን እንደ ጨርቅ በቁመቱ አጠፍሁት፣ በወርዱ ደገምሁት፤ ሁለቱ እጥፋቶች የተገናኙት ኮሪደሩ መሐል ያለው የፎጣ መደርደሪያ ላይ ነው። ራውተሩን ዳንቴሉን አውልቄ እዚያ ላይ፣ ከፍ አድርጌ አስቀመጥሁት። ዘጠኙ ክፍል በአንድ ጊዜ ቀይ ሆነ!

የቀረነው ነርሷና እኔ ነበርን፤ የኩሽናው ግድግዳና ያ ታንከር አላሳልፍ አሉ። እንግዲያው ኬብል በግድግዳው ሥር ስበን ከታንከሩ ወዲህ ሁለተኛ ራውተር እንትከል አልሁ። ርዝመቱን ለክቼ ለ«ችግር የለም» ሰጠሁት፤ ጫፍና ጫፉን ባለሙያ ዘንድ አሳስሮ አመጣው። ብንዘረጋው ሁለት ክንድ አጠረ! ለካ እኔ ቀጥታውን ብቻ ነው የለካሁት፤ በየበሩ ላይ ወጥቶ መውረዱን ረስቼዋለሁ። ለሰው ቀሚስ ሁሉ የስፌት ትርፍ የምተው ሴትዮ ለኬብል አልተውሁም! ነርሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ «ልብሴን እንዲህ ከሰፋሽልኝማ እምብርቴን ብርድ ይመታዋል» እያለች አላገጠችብኝ። «ችግር የለም» ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ «አሁንስ ችግር አለ» አለ። እኔ ግን በማግስቱ እንደገና ለካሁ፤ በየበሩ ወጥቼ ወረድሁ፣ ትርፉንም ጨመርሁ። አሁን ኬብሉ በግድግዳው ሥር እንደ ቀሚስ ጠርዝ ጥንቅቅ ብሎ ተሰፍቷል፤ ከጫፉም ሁለተኛው ራውተር ተተክሎ የነርሷና የእኔ ክፍልም ቀይ ሆኗል።

ግን ሠራ ብዬ ብቻ አልተውሁትም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሌሎቹ በየክፍላቸው የየራሳቸውን ቪዲዮ እንዲከፍቱ አዘዝሁ፤ ኢንተርኔቱ የሁሉንም ሸክም በአንድ ጊዜ መቻሉ እንዲፈተን። እማማና ነርሷ ሳሎን፣ እኔ ኋለኛው ክፍሌ ሆነን ተደዋወልን፤ ድምፁን ዘጋነው። በከንፈሬ ብቻ የጎረቤትሽን የጥርስ ወሬ ነገርኋቸው። ነርሷ ግራ ገብቷት ስታፈጥ፣ የግራ ጆሮዋን የደበቀችው እማማ ቀድማ ገባት! ሳቋ ከከንፈሯ ዳር ሲጀምር፣ ትከሻዋን ሲያንቀጠቅጥ፣ ዓይኗን አስጠርጎ ሲያበቃ፣ መጀመሪያውንም መጨረሻውንም አየሁት። እትዬ፣ አንቺ ከእኔ ያየሽው መሐሉን ብቻ ነበር።

ስለዚህ እምቢ አትበይኝ። እሑድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ቁጭ በይልኝ። እኔ ብርሃኑ ከንፈሬ ላይ እንዲያርፍ ወደ መስኮቱ ዞሬ እቀመጣለሁ፤ ቀስ እያልሁም እናገራለሁ። ሐኪሙ ያለሽን ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ፤ ስትነግሪኝም ፊቴን እይው። ያን ቀን ማየት የነበረብሽ እሱን ነው።

ለልጅሽ፣ እውነቱን ሳትደብቅ ስለጻፈችልኝ ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ስልኩንም እሷ ታቁምልሽ። ለጋሼ ባለቤትሽ ጤናውን እንደምመኝለት ንገሪልኝ፤ ሸሚዙ ተሰፍቶ አልቋል፣ አንገቱን ሰፋ አድርጌዋለሁ። ለአማትሽ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ለትንሹ ልጅሽ ዶሮዎቹን ማሯሯጡን እንዲተው አክስትህ አዛለች በይው። ጎረቤትሽንም ሰላም በይልኝ፤ ጥርሱ በአሥራ አንድ ክፍል መታወቁን ግን እንዳትነግሪው።

ታናሽሽ፤
ከኋለኛው ክፍል፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ
ኅዳር ፲፪ ቀን